ከንፋስ መውጫ እስከ ገነተ ልዑል

«ሥዕል አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ተብላችሁ ብትጠየቁ፣ በንፋስ መውጫና በዙሪያዋ ያደጋችሁ ተማሪዎች የምትሰጡት መልስ ምን ይሆናል? ከመካከላችሁ ብዙው በልጅነቱ እናቱን ተከትሎ ከቤተ ክርስቲያን ሄዶ፣ ጫማውን አውልቆ በመቅደሱ ዙሪያ ሲዞር፣ መጋረጃው ገለጥ ሲል ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ አይቶት ይሆናል። ስለዚህ «አዎን፣ አይቻለሁ» ማለታችሁ አይቀርም። «የሥዕል ቤተ መዘክርስ ጎብኝታችሁ ታውቃላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ሲከተል ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። እኔ በመምህርነት ዘመኔ ይህን ጥያቄ በየዓመቱ እጠይቅ ነበር፤ ጸጥታውም በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነበር።

ይህ ምንባብ የተዘጋጀው ስለዚያ ጸጥታ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች የተራራቁ ይምሰሉ እንጂ የተራራቁ አይደሉም። በደብሩ ውስጥ ሥዕል እያየ ያደገ ልጅ ከቤተ መዘክር ቢገባ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንም። እንዲያውም በአንዳንድ ነገር ከከተማው ልጅ ይልቅ አዋቂ ሆኖ ይገኛል። የጎደለው ነገር ቢኖር ያየውን ለይቶ መጥራትና በጽሑፍ ማስፈር ነው።

ከሁሉ አስቀድመን ስሙን እንመልከት። «ቤተ መዘክር» ከግእዝ የተወረሰ ጥምር ስም ነው። «ቤት» የሚለው ቃል ከሌላ ስም ጋር ሲናበብ ሳድሱ «ት» ወደ ግእዙ «ተ» ይለወጥና «ቤተ» ይሆናል፤ «ቤተ ክርስቲያን»፣ «ቤተ መጻሕፍት»፣ «ቤተ መንግሥት» እንደምንለው ማለት ነው። «መዘክር» የወጣው ደግሞ «ዘከረ» ከሚለው ግስ ሲሆን፣ ትርጉሙ አሰበ፣ አስታወሰ ማለት ነው። በየቤታችሁ የምታውቋቸው «ዝክር»ና «ተዝካር» የዚሁ ግስ ልጆች ናቸው። ዛሬ ብዙ ሰው «ሙዚየም» የሚለውን የውጭ ቃል ይጠቀማል፤ ያም ቢሆን ስሕተት አይደለም። እኔ ግን የቀድሞውን ስም እወዳለሁ፤ ቃሉ ራሱ ሥራውን ይናገራልና። እንግዲህ ቤተ መንግሥት የነበረ ሕንፃ ቤተ መዘክር ሆነ ስንል፣ የተለወጠው የስሙ ሁለተኛ ክፍል ብቻ መሆኑን ልብ በሉ፤ ቤቱ ቤት እንደ ሆነ ቀርቷል፤ ማዘዣ የነበረው ግን ማስታወሻ ሆኗል።

በአገራችን እንዲህ ያለ ለውጥ የደረሰባቸው ቤተ መንግሥቶች ጥቂት አይደሉም። ለእናንተ የሚቀርበው የጎንደሩ የፋሲል ግቢ ነው። ዐፄ ፋሲለደስና ተከታዮቻቸው በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ይህ ግቢ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በአዲስ አበባም የዳግማዊ ምኒልክ ግቢ ከፊሉ ታድሶ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕዝብ ተከፍቷል። በዚህ ምንባብ የምንነጋገርበት ግን ሌላ ነው፤ እርሱም በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ይህን የመረጥነው ከሕንፃው ታሪክ ሌላ በውስጡ እጅግ ብዙ የኢትዮጵያ ሥዕሎች ስላሉበት ነው።

ከንፋስ መውጫ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መንገደኛ በደብረ ታቦር፣ በወረታና በባሕር ዳር አድርጎ፣ ጎጃምን አቋርጦ፣ የዓባይን በረሃ ይሻገራል። ደብረ ታቦር ስትደርሱ ከአጠገቧ ያለችውን ጋፋትን አስታውሱ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያስቀረጹባት ስፍራ ናት። ስለ ቴዎድሮስ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ስድስት ኪሎ ስትደርሱ ቸኩላችሁ ወደ ዩኒቨርሲቲው በር አትግቡ። በአደባባዩ መካከል የቆመውን የየካቲት 12 ሐውልት አስቀድማችሁ ዙሩት። ይህን ሐውልት የሠሩት አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ሲሆኑ፣ በሐውልቱ ዙሪያ በነሐስ የተቀረጹት ምስሎች በየካቲት 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የተፈጸመውን ጭፍጨፋ ያሳያሉ። ሐውልቱን አስቀድማችሁ እንድታዩ የምመክረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የጭፍጨፋው መነሻ ልትገቡበት ያሰባችሁት የቤተ መንግሥቱ ግቢ ነውና።

ገነተ ልዑል፣ ማለትም የልዑል ገነት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1920ዎቹ ዓመታት ያሠሩት ቤተ መንግሥት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ብዙ ሳይቀመጡበት ፋሽስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን ወረረ፤ ቤቱም የወራሪው እንደራሴ መኖሪያ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ማርሻል ግራዚያኒ በዚሁ ግቢ ድኻ ሰብስቦ ምጽዋት በሚያድልበት ሰዓት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምብ ወረወሩበት። ግራዚያኒ ቈሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን በከተማይቱ ላይ የወረደውን መከራ በታሪክ ትምህርታችሁ ተምራችሁታል።

ከሕንፃው ፊት ለፊት አንድ ለብቻው የቆመ ደረጃ ታያላችሁ። ወዴትም አያደርስም፤ እየጠመዘዘ ወደ ላይ ይወጣና በባዶ አየር ላይ ያልቃል። ይህን ደረጃ የሠሩት ፋሽስቶች ናቸው። ሙሶሊኒ በ1922 እ.ኤ.አ. ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ያለውን እያንዳንዱን ዓመት በአንድ መርገጫ ቈጥረው፣ አገዛዛቸው ከፍ ከፍ እያለ መሄዱን እንዲመሰክርላቸው አቆሙት። ስትደርሱ መርገጫዎቹን ቍጠሩ፤ ለኢትዮጵያ ወረራ የደረሰውን መርገጫም ፈልጉ። ኢጣልያኖች ተባርረው ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ከተመለሱ በኋላ ደረጃው አልፈረሰም፤ ይልቁንም በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ምስል ተቀመጠበት። እኔ እንደሚመስለኝ በዚያ ግቢ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ብዙ የሚናገረው ይህ ደረጃ ነው። ቢያፈርሱት ኖሮ ዛሬ ስለ እርሱ የሚጠይቅ ተማሪ ባልኖረ ነበር።

ቤቱ ያየው ደም በዚህም አላበቃም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ለጕብኝት ውጭ አገር ሳሉ የክብር ዘበኛ መንግሥት ለመገልበጥ ሞከረ። ሙከራው በከሸፈበት ሰዓት አረንጓዴው ሳሎን በሚባለው ክፍል ታስረው ከነበሩት መኳንንትና ባለሥልጣኖች ብዙዎቹ ተገደሉ፤ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ከነዚህ መካከል ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ በኋላ ወደዚያ ቤት ለመኖር አልተመለሱም። ግቢውን ለትምህርት ሰጡት፤ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተመረቀ። ይህ ዩኒቨርሲቲ በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተባለው ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ዲሬክተሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። የሥዕሎቹንና የዕቃዎቹን ክምችት ከጥቂቱ ጀምረው ያደራጁት ደግሞ ስታኒስላቭ ሖይናትስኪ የተባሉ ፖላንዳዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናቸው። እኒህ ሰው በየገበያውና በየሱቁ እየዞሩ፣ ለቱሪስት ተሽጠው ሊወጡ የነበሩ ሥዕሎችን ለተቋሙ ያሰባስቡ ነበር። ስለ ኢትዮጵያ ሥዕልም ታላላቅ መጻሕፍት ጽፈዋል።

ወደ ውስጥ እንግባ። የመጀመሪያው የዕይታ ክፍል የተዘጋጀው በብሔረሰብ ወይም በጠቅላይ ግዛት ተከፋፍሎ አይደለም፤ በሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል ነው። ልደትና ልጅነት፣ ጎልማሳነትና ሥራ፣ ሞትና ከሞት በኋላ ያለው ሥርዓት በተራ ይመጣሉ። ከአንዱ አገር የመጣ የሕፃን ማዘያ ከሌላው አገር ማዘያ አጠገብ ይታያል። ይህ አደረጃጀት ለድርሰት ጸሐፊም ትምህርት አለው፤ ብዙ ነገር በእጁ ያለ ሰው ሁሉን በአንድ ጊዜ ከማፍሰስ ይልቅ አንድ ክር መምረጥ እንደሚገባው ያሳያል። ከዚያ ወጣ ብሎ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት በቀድሞ መልካቸው ተጠብቀው ይታያሉ። ጎብኚው ሁሉ ከዚህ ላይ ይጨናነቃል። አልጋው ግን አልጋ ነው፤ መታጠቢያ ገንዳውም ገንዳ ነው፤ ጊዜያችሁን ለሥዕሎቹ አቆዩ።

ከላይኛው ክፍል በገናው፣ ክራሩ፣ መሰንቆው፣ መስቀሉ፣ ክታቡና ከሁሉ በላይ በገበታ ላይ የተሣሉት ቅዱሳት ሥዕሎች አሉ። እነዚህን ስትመለከቱ መጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ «የማን ሥዕል ነው?» የሚለው አይሁን፤ «በምን ላይ፣ በምን ተሠራ?» ብላችሁ ጀምሩ። ሠዓሊው ከሁሉ አስቀድሞ እንጨት ይጠርባል፤ ያለሰልሳል። በእንጨቱ ላይ ነጭ አፈር በሙጫ ለውሶ ይቀባና ያደርቀዋል፤ አንዳንዴም በመካከሉ ስስ የጥጥ ጨርቅ ይለጥፍበታል። ቀለሙ የሚያርፈው በዚህ ነጭ ልባስ ላይ ነው። አንዳንዱ ገበታ እንደ መስኮት በግራና በቀኝ መዝጊያ አለው፤ ሲዘጋ እንጨት ብቻ ነው፣ ሲከፈት ሦስት ገጽ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ በመካከለኛው ገጽ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ቅዱስ ሚካኤልና ቅዱስ ገብርኤል ሰይፋቸውን መዝዘው በግራና በቀኝ ቆመው ይታያሉ። በጣም ትንንሾቹ ደግሞ በአንገት የሚንጠለጠሉ ናቸው። ከመስታወቱ ጀርባ ሲታዩ የክብሪት ሣጥን ያህል የሚሆኑ አሉ።

በደብራችሁ ያያችሁት ሥዕል አብዛኛው በዚህ ዓይነት ገበታ ላይ ሳይሆን በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይምሰላችሁ። የግድግዳው ሥዕል ትልቅ ነው፣ ለሕዝብ ነው፤ ካህኑ በመቋሚያው ጫፍ እያመለከተ ማንበብ ለማይችለው ሰው ታሪክ ያስተምርበታል። የገበታው ሥዕል ግን የአንድ ሰው ወይም የአንድ ቤት ነው፤ ሰው ተሸክሞት መንገድ ይሄዳል፣ ታሞ ሳለ ከራስጌው ያስቀምጠዋል።

ስለ ሠዓሊዎቹ የምናውቀው ጥቂት ነው፤ ብዙዎቹ ስማቸውን አልጻፉም። ስሙን ከጻፉት ቀደምት ሠዓሊዎች አንዱ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ዓመት፣ የነበረው ፍሬ ጽዮን ነው፤ ስሙ ያለበት ገበታ በጣና ሐይቅ ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል። በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም ኒኮሎ ብራንካሌዮን የተባለ የቬኒስ ሰው ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ እዚሁ ኖሮ ሠርቷል። ስለዚህ ሥዕላችን በሩን ዘግቶ ያደገ ጥበብ አልነበረም። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ወንጌላዊው ሉቃስ እንደ ሣላት የሚነገርላት የእመቤታችን ሥዕል ናት። በሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችው የዚህች ሥዕል ቅጂ ከ16ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ወዲህ በሚስዮናውያን እጅ ወደ አገራችን ገባች። ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ አይቶ ወደዳት፤ ግን እንዳለች አልገለበጣትም። እጆቿን ከልጇ ላይ አነባብራ፣ በአንድ እጇ መሐረብ ይዛ፣ ልጇ ደግሞ መጽሐፍ ይዞ በቀኝ እጁ ሲባርክ የሚታዩባትን አቀማመጥ ወሰደ፤ ዓይኑን፣ የልብሱን መስመርና ቀለሙን ከራሱ አወጣ፤ መላእክቱንም ጨመረላት። በቤተ መዘክሩ ውስጥ እመቤታችን መሐረብ የያዘችበትን ሥዕል ስታገኙ ይህን ረጅም መንገድ አስታውሱ።

ጎንደር ዋና ከተማ ከሆነች በኋላ ሥዕል ሁለት ጊዜ መልኩን ለወጠ። ሊቃውንቱ የፊተኛውን አንደኛው የጎንደር ስልት፣ የኋለኛውን ሁለተኛው የጎንደር ስልት ይሉታል። በአንደኛው፣ በ17ኛው መቶ ዓመት፣ መስመሩ ደማቅና የተለየ ነው፤ ከበስተጀርባ ያለው መደብ አንድ ወጥ ቢጫ፣ ቀይ ወይም አረንጓዴ ነው፤ ፊት ላይ ጥላ የለም። በሁለተኛው፣ በ18ኛው መቶ ዓመት በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በዐፄ ኢያሱ ዘመን በለመለመው ስልት፣ ፊት በጥላ ይሞላል፣ ጉንጭ ይከብባል፤ መደቡ ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ቀስ እያለ ይሸጋገራል፤ ልብሱ ከባሕር ማዶ የመጣ አበባማ ጨርቅ ይሆናል። ሥዕሉን ያሠራው ሰውም ከቅዱሳኑ እግር ሥር ተደፍቶ ይታያል። እቴጌ ምንትዋብ በጣና በናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው ተሥለዋል። አንድ ሥዕል ፊት ቆማችሁ ዘመኑን ለመገመት ብትፈልጉ፣ ከጽሑፍ መግለጫው በፊት ጉንጩንና ጨርቁን ተመልከቱ። ብትሳሳቱም ግድ የለም፤ እኔም ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ።

አንድ ሌላ ምልክት ደግሞ አለ፤ እርሱን ከእኔ ይልቅ አያቶቻችሁ ያውቁታል። ቅዱሳንና ደጋግ ሰዎች ሁለት ዓይናቸው እንዲታይ ሆነው ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎች፣ ሰይጣንና ከሓዲ በጎን ይሣላሉ፣ የሚታየውም አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ደንቡ በየዘመኑና በየሠዓሊው የማይጠበቅበት ጊዜ ቢኖርም፣ በስቅለት ሥዕል ላይ ጭፍሮቹን ለይቶ ለማወቅ ይረዳል።

አሁን ከቤተ መዘክሩ መስኮት ሆነን ወደ ጋይንት እንመልከት። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ ሰባት ቶን ያህል የሚከብደውን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ያለፉት በእናንተ አገር፣ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ነው። ከመድፉ ሌላ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የተሰበሰቡ መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት መቅደላ ላይ ተከማችተው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ተያዘች፤ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ገደሉ። የተዘረፈው ዕቃ በደላንታ ሜዳ ለሁለት ቀን በሐራጅ ተሸጠ፤ ለማጓጓዝም 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። ከጦሩ ጋር የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዘክር ወኪል ሆኖ የመጣው ሪቻርድ ሆልምስ ኵርዐተ ርእሱ የተባለውን፣ ነገሥታቱ ሲዘምቱ ይዘውት ይወጡ የነበረውን የክርስቶስ ሥዕል ለራሱ አስቀረ። ሥዕሉ በ1917 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ተሸጠ፤ በኋላም ወደ ፖርቱጋል ተሻገረ፤ አልተመለሰም።

ሁለተኛው ታሪክ የበለጠ ያስገርማል። በ1932 እ.ኤ.አ. ማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ጎንደር ደርሶ በአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የነበሩትን የጥንት ሥዕሎች አወረደ። በምትካቸው ከቡድኑ ጋር የመጣው ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ አዲስ ቅጂ ሥሎ ለጠፈ፤ የጥንቶቹ ወደ ፓሪስ ተወሰዱ፤ ዛሬም በዚያው ናቸው። ለካህናቱ አዲሱ ሥዕል ደማቅ ነበረ፣ አሮጌው ደግሞ ደብዝዞ ነበር። በዚያ ቀን ማን አተረፈ፣ ማንስ ከሰረ? በክፍላችሁ ተከራከሩበት፤ መልሱ መጀመሪያ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም።

እንዲህ ስል የጠፋው ሁሉ በባዕድ እጅ የጠፋ እንዳይመስላችሁ። በወጣትነቴ በማስተምርበት ገጠር አንዲት ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። የሣር ክዳኗ ተነሥቶ ቆርቆሮ ሲለብስ፣ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የነበረው የጨርቅ ሥዕል ዝናብ አግኝቶት ስለ ነበር ተላቆ ወረደ። በቦታው ከከተማ የተገዙ በወረቀት የታተሙ ሥዕሎች በሚስማር ተመቱ። አሮጌው ተጠቅልሎ በዕቃ ቤት ተቀመጠ፤ ከሁለት ክረምት በኋላ አይጥ በልቶት ተገኘ። ማንም በክፋት ያደረገው ነገር አይደለም፤ ሕዝቡ ገንዘቡን አዋጥቶ ቤቱን ያሳመረ መስሎት ነበር። እኔም በየእሑዱ ከሥዕሉ ሥር ቆሜ ነበር። የድርሰት መምህር ሆኜ ሳለሁ በላዩ ላይ ስንት ሰው እንደ ተሣለ፣ ልብሳቸው ምን ቀለም እንደ ነበረ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍሁም። ዛሬ ሥዕሉ ምን ይመስል ነበር ብትሉኝ የማስታውሰው አንድ ቀይ ፈረስ ብቻ ነው።

በእናንተ አካባቢ እንዲህ ያለ አደጋ ሊያገኘው የማይገባ ብዙ ነገር አለ። ዙር አባ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ናት፤ ቤተልሔም ደግሞ የድጓ ምስክር ናት፤ ከየአገሩ ደቀ መዝሙር የሚሰበሰብባቸው ስፍራዎች ናቸው። የቤተልሔም ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ሲያዩዋት እንደ ሌላው ሁሉ ክብ ነበረች። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ቶማስ ፓክንሃም የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ በበቅሎ መጥቶ ወደ ውስጥ ቢገባ፣ ከክቡ ቤት ውስጥ በጥሩ ሁኔታ በተጠረበ ድንጋይ የታነጸ፣ ባለ አራት ማዕዘን የጥንት ቤተ ክርስቲያን አገኘ። በመጽሐፉም ጻፈው። ፓክንሃም «አገኘ» መባሉ ለደብሩ ካህናት ሳቅ ነው፤ እነርሱ በየቀኑ ሲቀድሱበት ኖረዋልና። ነገር ግን እርሱ ጻፈው፤ ዓለም ያወቀውም በዚያ ጽሑፍ ነው።

ስለዚህ ለጕብኝት ስትሄዱ ደብተርና እርሳስ ያዙ። ፎቶግራፍ ማንሣት የሚፈቀድ መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ብልጭታ ያለው መብራት ለቀለሙ አይበጅም። ቢፈቀድላችሁም ፎቶግራፉ የእናንተን ዓይን አይተካም። ብዙ ሥዕል እያዩ ከመሮጥ ሦስት መርጣችሁ በእያንዳንዱ ፊት ሩብ ሰዓት ያህል ቁሙ። የመግለጫውን ካርድ የምታነቡት በመጨረሻ ነው።

ድርሰቱን ስትጽፉ ሁለት የግስ ጊዜያትን አትቀላቅሉ። የጕብኝታችሁን ሂደት በኃላፊ ጊዜ ትተርካላችሁ፤ «ገባን፣ አየን፣ ጠየቅን» ትላላችሁ። በሥዕሉ ላይ ያለውን ግን በአሁን ጊዜ ትገልጻላችሁ፤ እናንተ ከወጣችሁም በኋላ መልአኩ ሰይፉን እንደ መዘዘ ነውና «ቆሟል፣ ይዟል፣ ይታያል» በሉ። «ሥዕሉ እጅግ ቆንጆና አስደናቂ ነበር» የሚል ዐረፍተ ነገር ከጻፋችሁ ሰርዙት። ይህ ዐረፍተ ነገር ስለ የትኛውም ሥዕል ሊነገር የሚችል ስለ ሆነ፣ ስለ አንዱም አልተናገረም። የምትጀምሩበትን ስፍራ ወስኑ፤ ከመካከል ወደ ዳር፣ ወይም ከላይ ወደ ታች ሂዱ፤ መንገዳችሁንም አታቋርጡ።

ለምሳሌ ያህል ተማሪዎቼን ወደ ገነተ ልዑል በወሰድሁበት ጊዜ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ የጻፈችውን ላካፍላችሁ። የመሪጌታ የልጅ ልጅ ነበረች። ጓደኞቿ ሁሉ ከመኝታ ቤቱ በር ላይ ሲጋፉ እርሷ ከአንዲት በአንገት ከምትንጠለጠል ትንሽ ሥዕል ፊት ቆማ ቀረች። በኋላ ደብተሯን ተቀብዬ ሳነብ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «ሥዕሏ ከመዳፌ ታንሳለች። በመካከል እመቤታችን ልጇን ታቅፋለች። ቀዩ ቀለም ከጕልበቷ በታች ተልጧል፤ ፊቷ ግን ደኅና ነው። ከላይ ክር የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ። በቀዳዳው ዙሪያ እንጨቱ ጠቁሯል፤ የአያቴ ሥዕልም እንዲህ የጠቆረው አንገቱ ላይ ስለሚያስራት ነው።»